ለመዘመር ልብ እንቢ ሲል

ደሴ ላይ የጦሳ ተራራ ብርድ ሲወርድ ለመዝሙር ጥናት ከቤት መውጣት ይከብዳል። ብዙ ጊዜ ግን ብርዱ ሰበብ ነው፤ የደከመው ልባችን ነው። እኔን የረዳኝን ልንገራችሁ። ጥናት ከመጀመሩ 10 ደቂቃ ቀደም ብላችሁ ግቡ። ደብተራችሁን ክፈቱና አንድ መዝሙር ምረጡ። ዜማውን ተዉት። ግጥሙን ብቻ፣ ቀስ ብላችሁ፣ እንደ ጸሎት አንብቡት። አንድ ስንኝ ልባችሁን ከነካው እዚያው ቆዩ፤ መጨረስ ግዴታ አይደለም። መዝሙሩን ስንለምደው ቃሉ አፋችን ላይ ብቻ ይቀራላ!

ድካሙ ሳምንታት ከቆየ ደግሞ ዝም ብላችሁ አትጥፉ። ለአስተባባሪያችሁ ንገሩ። አንድ እሁድ ከበሮውን ለሌላ ስጡና ከምእመናን መካከል ቆማችሁ ስሙ። እኔ እንዲያ ቆሜ፣ አጠገቤ የነበሩ እናት መዝሙሩን በእንባ ሲቀበሉ ሳይ ነው ከበሮው የናፈቀኝ።