የተሰነጠቀ ፋይበርግላስ በፀሐይ ሲጠገን

የሞተሬን ፋይበርግላስ ሽፋን የጠገንኩት በዩቪ ሬዚን ነው፤ በፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የሚጠነክር ፈሳሽ ነው። ማድረቂያ አይቀላቀልበትም፤ ብርሃን ይበቃዋል።

ስንጥቁን ዙሪያውን ሦስት ጣት ያህል በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ። አቧራውን በአልኮል ጥረጉ። ጓንት እንዳትረሱ።

ሬዚኑን ጥላ ውስጥ ቀቡ። እኔ ሞኙ ጣሳውን ግቢ ፀሐይ ላይ ከፍቼ ቡና ልጠጣ ገባሁ። ስመለስ ድንጋይ ሆኖ ጠበቀኝ፣ ብሩሹም አብሮ።

ከመስታወት ክር የተሸመነውን ጨርቅ በሬዚኑ ላይ አንድ ድርብ አንጥፉና የታፈነውን አየር በብሩሽ እየተጫናችሁ አስወጡ። ከላይ ጥርት ያለ ፕላስቲክ አልብሱት፤ አለዚያ ኦክስጅን ገጹ እንዳይደርቅ ስለሚያግደው እጅ ላይ ይጣበቃል። አሁን ወደ ፀሐይ አውጡት። የአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ ለዚህ አይታማም። ጥፍር ካላሰረጎደው ሁለተኛውን ድርብ ቀጥሉ።

ካርቦን ፋይበር ላይ ግን አትሞክሩት። ጥቁሩ ጨርቅ ብርሃን አያሳልፍም፤ ከሥር እርጥብ እንደሆነ ይቀራል።