ስሩ ብቅ ሲል፦ የፀጉር ቀለምንና ሃይላይትን ቤት ውስጥ ማደስ

ፀጉር በወር 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። ስለዚህ ከተቀቡ ከአምስት ስድስት ሳምንት በኋላ ሽበቱ አናት ላይ መስመር ሠርቶ ይታያል። ይህን ቤት ውስጥ ማደስ አያቅትም። ፀጉር የሚጎዳው በየጊዜው ከስር እስከ ጫፍ ሲቀባ ነው። ጫፉ ቀለም የጠገበ በመሆኑ ሲደጋገምበት ይጠቁራል፣ ይደርቃል፣ ይሰባበራል። የሚቀባው አዲስ የበቀለው ብቻ ነው።

ከመቀባትዎ ሁለት ቀን በፊት ከጆሮ ጀርባ ትንሽ ቀለም ቀብተው 48 ሰዓት ይጠብቁ። «ስንት ዓመት ተቀብቻለሁ» ብለው አይዝለሉት፤ ብዙ ቀለሞች ውስጥ ያለው ፒፒዲ የተባለ ኬሚካል ከዓመታት በኋላም አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል። ካሳከከዎት ወይም ካበጠ ይተዉት። ቅቤ ወይም ቅባት ተቀብተው ከሆነ በዚሁ ጊዜ በደንብ ይታጠቡ። በቀለሙ ቀን ግን አይታጠቡ፤ የራስ ቆዳው የራሱ ወዝ ከማቃጠል ይከላከላል።

ቀለሙ አሁን ካለው ጋር የሚመሳሰል ይሁን። የተቀባ ፀጉር ላይ ፈካ ያለ ቀለም ቢደርቡ አይነጣም፤ ስሩ ብቻ ፈክቶ ይቀራል።

ጓንት ያድርጉ፣ ግንባርዎን፣ አንገትዎንና ጆሮዎን ቫዝሊን ይቀቡ። ቀለሙን በፕላስቲክ ሳህን ይበጥብጡ፤ ብረት አይሆንም። ፀጉሩን አራት ቦታ ከፍለው በመቆንጠጫ ይያዙ። ከዚያ ሽበት ከሚበዛበት፣ ብዙ ጊዜ ከጆሮ ግንዱ አካባቢ፣ ይጀምሩ። የዚህ ቦታ ሽበት ግትር ስለሆነ ቀለሙ ረዘም ላለ ጊዜ ቢቆይበት ይሻላል። በማበጠሪያው ጭራ ቀጭን ቀጭን መስመር እየከፈቱ፣ ብሩሹን ስሩ ላይ አስተኝተው አሮጌው ቀለም ጋ ሲደርሱ ያቁሙ። የኋላውን ሰው ቢያይልዎ ጥሩ ነው። ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ደቂቃ አይለፉ። ጫፉ ደብዝዞ ከሆነ በመጨረሻው 5 ደቂቃ ብቻ ቀለሙን ወደ ታች ያበጥሩት። ውሃው እስኪጠራ ድረስ ይታጠቡ። የተረፈውን ቅንድብዎ ላይ እንዳይሞክሩት፤ ለዓይን አደገኛ ነው።

ሃይላይት ሌላ ጉዳይ ነው። ማንጫ (ብሊች) ስለሚገባበት ስህተቱ በቀላሉ አይመለስም። ሪላክሰር (ፀጉር ማለስለሻ ኬሚካል) ያለበት ፀጉር ከሆነ በእኔ እምነት የፀጉር ቤት ሥራ ነው፤ ሁለቱ ተደርበው ፀጉሩን ከስሩ ሊበጥሱት ይችላሉ። ሂና ከተቀቡም መጀመሪያ አንድ ዘለላ ላይ ይሞክሩ፤ አንዳንዱ የሂና ውሁድ ውስጥ ያለው የብረት ጨው ከፐርኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ይግላል።

እንዲህ ያለ ችግር ከሌለ ቀድሞ ሃይላይት የነበረውን ዘለላ ብቻ ለይተው ፎይል ከስሩ ያስገቡ። ማንጫውን በ6 በመቶ ፐርኦክሳይድ (20 ቮሊዩም የሚባለው) በጥብጠው ከቆዳው ጥቂት ራቅ ብለው፣ የድሮው ንጣት እስከሚጀምርበት ብቻ ይቀቡና ፎይሉን ይጠፉ። የራስ ቆዳ ሙቀት ስሩን ቶሎ ስለሚያነጣው በየ5 ደቂቃው ገልጠው ይዩ። ካስክ ውስጥ አይግቡበት። ፈዛዛ ቢጫ ሲሆን ይታጠቡ፤ ቢጫነቱን ሐምራዊ ሻምፖ ያለዝበዋል። ብርቱካናማ ሆኖ ከቀረ በዚያው ቀን አይድገሙት።

የተበጠበጠ ቀለም ለሌላ ቀን አይቀመጥም። ጠርሙስ ውስጥ ከድነው ቢያቆዩት አየር ፈጥሮ ሊፈነዳ ስለሚችል ይድፉት።