በጎጃም መንገድ የዜኖን መብራት አገጣጠም

የዜኖን ኪት (አምፖሎቹና ማብሪያ ዕቃቸው አብረው የሚሸጡበት ጥቅል) ከመግዛታችሁ በፊት የመኪናችሁን የፊት መብራት ከውጭ በደንብ ተመልከቱ። ከሽፋኑ ኋላ የበሬ ዓይን የመሰለ ድቡልቡል ሌንስ ካለ ዜኖን ሊገባው ይችላል። ሌንስ ከሌለውና ውስጡ የሚያብለጨልጭ አንጸባራቂ ብቻ ከሆነ አምፖሉን ብቻ ቀይራችሁ አትንዱ። ያ አንጸባራቂ የተቀረጸው የሃሎጅንን (የተለመደውን የመኪና አምፖል) ቀጭን ሽቦ ተከትሎ ነው። የዜኖን ብርሃን ግን በሁለት ጫፎች መካከል ከሚነድ የኤሌክትሪክ ቅስት ይወጣል፤ ቅርጹ ስለሚለይ ብርሃኑ ይበተናል። ሹፌሩ የደመቀ ይመስለዋል፤ የደመቁት ግን ከመኪናው አፍንጫ ሥር ያለው አስፋልትና ከፊት የሚመጣው ሰው ዓይን ናቸው።

ይህን አጥብቀን የምንናገረው መንገዳችንን ስለምናውቅ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ወርዶ ደጀን በሚወጣው ጠመዝማዛ ላይ ጭነት የያዘ ሲኖትራክ ሹፌር ዓይኑ ከታወረ የሚሸሽበት ቦታ የለውም። ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫና ፍኖተ ሰላም ባለው መንገድም መብራት የሌለው ጋሪና ወደ ቤት የሚመለስ ከብት አይጠፋም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ3 ሰከንድ 50 ሜትር ይጓዛል። ሹፌሩ ለ3 ሰከንድ ካላየ ያን ሁሉ በጭፍን ሄደ ማለት ነው።

ቪትዝና ብዙ የቆዩ ቶዮታዎች ኤች 4 የሚባለውን ባለ ሁለት ሽቦ አምፖል ነው የሚጠቀሙት፤ የመብራቱ ቤትም አብዛኛውን ጊዜ ሌንስ የለውም። ለእነዚህ ትክክለኛው መንገድ በኤች 4 ቀዳዳ የሚታሰር ባለ 2.5 ኢንች ሌንስ ማስገባት ነው። ሽፋኑ ሙጫው እስኪለሰልስ ተሞቆ ይከፈታል፤ ሌንሱ ውስጥ ገብቶ ከኋላ በራሱ ብሎን ይጠብቃል። ከመታሸጉ በፊት በግድግዳ ላይ የብርሃኑ ጠርዝ አግድም ቀጥ ማለቱን አረጋግጡ፤ ከታሸገ በኋላ ለማስተካከል እንደገና መክፈት ግድ ነው። ሌንሱ በመንገዱ ቀኝ በኩል ለሚነዳበት አገር የተሠራ ይሁን። በመንገዱ ግራ በኩል ለሚነዳበት አገር የተሠራው ጠርዙ ወደ ግራ ይነሳና መጪውን ያሳውራል። ከጃፓን መጥቶ መሪው የተዞረ መኪና በፋብሪካ መብራቱም ቢሆን ይኸው ችግር አለበት።

ለዚህ ሁሉ አቅም ከሌለ ሃሎጅኑን አድሱት። ቢጫ የሆነውን ሽፋን በ1000 ከዚያም በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውሃ አሹት፤ በፖሊሽ አብሱና ሽፋኑን ከፀሐይ የሚከላከል ጥርት ያለ ቅብ ቀቡት። ከባትሪ ቀጥታ በሪሌይ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዝዞ ትልቁን የሚያገናኝ ማብሪያ) የሚመጣ ወፍራም ገመድም ዘርጉለት። አምፖሉ ጋ የሚደርሰው ቮልት በ10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳልና፣ ለብዙ አሮጌ መኪና ይህ ብቻ ሌሊቱን ይለውጠዋል።

ወደ ኪቱ እንምጣ። 35 ዋት ይበቃል፤ 55 ዋቱ ሙቀቱ ከዚያ ይበልጣል። ቀለሙ 4300 ኬልቪን ይሁን፤ ብዙ ፋብሪካዎች ራሳቸው የሚገጥሙት ወደዚህ የተጠጋውን ነው። 8000 የሚባለው ሰማያዊ ያምራል እንጂ ብርሃኑ ያንሳል፤ በክረምት ደጀን አፋፍ ላይ ጉም ሲወርድም ዓይን ያደክማል። አይሱዙ ያላችሁ ባትሪያችሁ 24 ቮልት ከሆነ ባላስቱም (ለአምፖሉ ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው ሳጥን) የ24 ይሁን።

ሥራው የሚጀምረው የባትሪውን ኔጌቲቭ በ10 ቁጥር ቁልፍ ፈትቶ ነው። ባላስቱ አምፖሉን ሲያቀጣጥል ከ20,000 ቮልት በላይ ይለቃልና በርቶ ሳለ ሶኬት አትንቀሉ። የአምፖሉን ብርጭቆ በእጅ አትንኩ፤ ከተነካ በአልኮል ጥረጉት። ባላስቱን ከራዲያተርና ከጭስ ማውጫ አርቃችሁ፣ ውሃ ከማይረጭበት ብረት ላይ በብሎን እሰሩት፤ የገመዱ መግቢያ ወደ ታች ይዙር። ቀዩ ገመድ በ30 አምፔር ፊዩዝ በኩል ወደ ባትሪ ፖዘቲቭ ይሄዳል፤ ፊዩዙ ለባትሪው የቀረበ ይሁን። ጥቁሩ ቀለሙ ተፍቆ በነጣ የአካል ብረት ላይ ይታሰራል። የመኪናው አንዱ የመብራት ሶኬት ሪሌዩን ብቻ ያዝዛል፤ ሁለተኛውን በናስትሮ ጠቅልላችሁ ተዉት። ብዙ ቶዮታዎች መብራቱን የሚያጠፉት በኔጌቲቩ በኩል መሆኑን አስታውሱ። ሪሌዩ ካልጮኸ ሶኬቱን በቴስተር ለክታችሁ የማዘዣ ገመዶቹን አቀያይሩ።

ገመዱ በመብራቱ የኋላ ክዳን ሲያልፍ ቀዳዳው ከገመዱ የጎማ ቀለበት ጋር ገጥሞ መዘጋት አለበት። በረሃው ውስጥ የሞቀ አየር ደጀን ላይ ድንገት ሲቀዘቅዝ ከሽፋኑ ውስጥ ጠል ይቋጥራል፤ በጠጠር መንገድም አቧራው ገብቶ አንጸባራቂውን ያደበዝዘዋል።

አንዱ ወገን ካልበራ ባላስቶቹን አቀያይሩ፤ ችግሩ ባላስቱን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የእሱ ነው፤ እዚያው ከቀረ አምፖሉን ወይም ገመዱን ፈትሹ። እየበራ የሚጠፋ ከሆነ በመጀመሪያ ጥቁሩን ገመድ እዩ፤ ብዙ ጊዜ የላላው እሱ ነው። ቀን ቀን በራሱ የሚበራ መኪና ላይ አጭሩ መብራት በተቀነሰ ቮልት የሚሠራ ከሆነ ባላስቱ ይንቀጠቀጣል፤ ያ አሠራር መዘጋት አለበት። ወደ ሮዝ የዞረ አምፖል ዕድሜው አልቋል፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ቀይሩ። ሞተር ሳይነሳ ዜኖን አታብሩ። ብልጭ ብልጭ እያደረጋችሁም አታናግሩበት፤ እየቀዘቀዘ ደጋግሞ መቀጣጠል አምፖሉን ይበላዋል።

በመጨረሻ ማነጣጠር አለ፤ እዚህ አትቸኩሉ። ጎማው በልኩ ተነፍቶ፣ አንድ ሰው ሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ መኪናውን በደልዳላ ቦታ ከግድግዳ 10 ሜትር አቁሙት። ከመሬት እስከ ሌንሱ መሐል ያለውን ለኩና በዚያው ቁመት ግድግዳው ላይ በፕላስተር መስመር አስምሩ። የአጭሩ መብራት ጠርዝ ከመስመሩ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ኋላው በጤፍ ኩንታል የተጫነ መኪና አፍንጫው ይነሳል፤ ከመሪው አጠገብ ከ0 እስከ 3 የተጻፈበት ማስተካከያ ካለ ከመነሳታችሁ በፊት ቁጥሩን ከፍ በማድረግ ብርሃኑን ዝቅ አድርጉት። ማስተካከያ ከሌለ ከነጭነቱ ግድግዳው ፊት መልሳችሁ አቁሙትና እንደገና ለኩት።