የቦርከናን የውሃ ናሙናዎች በክላስተር እንዴት እንመድባለን?

ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ከቦርከና ወንዝና ከገባሮቹ ውሃ ቀዳችሁ እንበል። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ)፣ ኮንዳክቲቪቲ (ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ)፣ ናይትሬትና ክሮሚየም ለክታችኋል፣ ኤክሴሉም በቁጥር ሞልቷል። የትኛው ናሙና ከየትኛው ጋር ይመሳሰላል? ክላስተር አናሊሲስ ቡድኖቹን አስቀድማችሁ ሳትነግሩት ተመሳሳዮቹን ያሰባስብላችኋል።

ዋናው ሥራ ያለው ግን ከዚያ በፊት ነው። አንዱ ናሙና ፒኤቹ 7፣ ኮንዳክቲቪቲው 400 ይሁን። ሁለተኛው 9 እና 410፣ ሦስተኛው ደግሞ 7 እና 450። ርቀቱን በጥሬ ቁጥር ካሰላችሁት አንደኛው ከሁለተኛው በ10 ገደማ፣ ከሦስተኛው በ50 ይርቃል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ አንደኛውንና ሁለተኛውን ያጣምራቸዋል። ፒኤች ከ7 ወደ 9 ሲወጣ እኮ የሃይድሮጅን አዮኑ መጠን በ100 እጥፍ ቀንሷል፤ ውሃው ውስጥ ለሚኖሩት ፍጥረታት ይህ ፈጽሞ ሌላ ውሃ ነው! መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከእያንዳንዱ ኮለም አማካዩን ቀንሱና ለስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ (ቁጥሮቹ ከአማካዩ ለሚበተኑበት መጠን) አካፍሉት። አር (R) በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ላይ «ስኬል» የሚለው ትእዛዝ ይህን ይጨርሰዋል።

እንደ ክሮሚየም ጥቂት ናሙና ላይ ብቻ በጣም የሚያሻቅብ ነገር ካለ አማካዩን ከመቀነሳችሁ በፊት ሎግ ውሰዱለት። ፒኤችን ግን ተዉት፣ ራሱ ሎግ ነው።

ቀጥሎ ኤውክሊዲያን ርቀት (የቀጥታ መስመር ርቀት) አስሉና በዋርድ ዘዴ አጣምሩ፤ ይህ ዘዴ በየደረጃው የቡድኖቹን የውስጥ ልዩነት በትንሹ የሚጨምሩትን ሁለቱን ያጣምራል። ናሙናው ጥቂት ደርዘን ከሆነ እኔ የቡድኖቹን ብዛት አስቀድሞ ከሚጠይቀው ከኬ-ሚንስ ዘዴ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ማን ከማን ጋር በምን ያህል ርቀት እንደተጣመረ ዴንድሮግራም በሚባለው የዛፍ ሥዕል ላይ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ቅርንጫፎቹ ረዘም ያሉበት ቦታ ላይ ቁረጡት። ናሙናው ከራሱ ቡድን ጋር ምን ያህል እንደሚገጥም የሚያሳየውን ሲልሁዌት የሚባለውን ቁጥርም እዩ፤ ከ-1 እስከ 1 ይደርሳል፣ ወደ 0 የተጠጋ ናሙና በሁለት ቡድን መሃል የቆመ ነው።

አንድ ነገር አደራ፦ ዘዴው ቡድን በሌለበትም ቡድን ይሠራል። እንዲሁ የተበተነ ቁጥር ብትሰጡትም ይከፋፍለዋል። ስለዚህ አንድ መለኪያ አውጥታችሁ ድገሙት፤ ቡድኖቹ ከፈረሱ አትመኑዋቸው። የነሐሴንና የጥርን ናሙና አንድ ላይ ከጨመራችሁ ደግሞ የክረምቱ ዝናብ ውሃውን ስለሚያቀጥነው የሚወጣላችሁ ክፍፍል የቦታ ሳይሆን የወቅት ሊሆን ይችላል። ለየብቻ ሥሩት።

ከዚያ ቡድኖቹን በቀለም ለይታችሁ ካርታ ላይ አስቀምጡ። ከፋብሪካ ፍሳሽ በታች ያሉት ነጥቦች አንድ ላይ ወጡ? ከከተማው በላይ ካሉትስ በየትኛው መለኪያ ተለዩ? የየቡድኑን አማካይ በጥሬው ቁጥር ጻፉት። በበጋም በክረምትም ከአንድ ቡድን የማይወጡ ሁለት ጎረቤት ነጥቦች ካሉ አንዱን ትታችሁ፣ የሪኤጀንቱን (የመለኪያ ኬሚካሉን) ብር ገና ላልተለካ ቦታ አውሉት።