ከፒክአፕ ወንበር ጀርባ ሚገባ ሳብውፈር አመራረጥ (ጅማ ላላችሁ ልጆች)

ሰሞኑን ሶስት ልጆች አንድ አይነት ጥያቄ ጠየቁኝ፣ ሃይሉክስ ደብል ጋቢና ነው ኋላ ወንበር ጀርባ ሳብውፈር (ወፍራሙን ቤዝ ሚያወጣው ስፒከር፣ ባጭሩ ሳብ) ላስገባ ምን ልግዛ ይላሉ፣ መልሴ ለሁሉም አንድ ነው፣ ሳትለኩ ብር አታውጡ። ወንድሜ አምና ቡና ሸጦ እጁ ላይ ብር ሲገባ ቀጥታ ሱቅ ሄዶ 12 ኢንች ሳብ ይዞ መጣ፣ ካርቶኑ ላይ 1500 ዋት ምናምን ተፅፏል፣ እቃውም ሲታይ ያምራል፣ ግን ማግኔቱ ብቻውን ከወንበሩ ጀርባ ካለው ክፍተት ይበልጣል፣ ወንበሩን ገፍተን ለመዝጋት ብንሞክር መቆለፊያው ቀጭ አላለም። ሱቁ ደግሞ የተከፈተ አንመልስም አለ። በጣም ነው ያናደደኝ፣ ምክንያቱም ያ ብር የልፋት ብር ነው።

እሺ አለካኩ እንዲህ ነው። ወንበሩን ቆልፉትና አንድ ሰው ደገፍ ብሎ ይቀመጥበት፣ ስፖንጁ ሰው ሲቀመጥበት ወደኋላ ይገፋል፣ ባዶውን ለክታችሁ ከሄዳችሁ ትሳሳታላችሁ። ከዛ ከወንበሩ ጀርባ እስከ ጋቢናው ግድግዳ ታች፣ መሃል፣ ላይ ለኩ፣ ወንበር ዘመም ስለሚል ታች ሰፊ ላይ ጠባብ ነው ሚሆነው። ክሪኩና ብሎን መፍቻው እዛው ጀርባ ከሆነ ቦታውን ተዉለት፣ ገራ ወረዳ መንገድ ላይ በዝናብ ጎማ ፈንድቶባችሁ ክሪክ ለማውጣት ሳጥን መፍታት ማለት አስቡት። ለክታችሁ ስትጨርሱ የፓስታ ካርቶን ቆርጣችሁ የሳጥኑን ቅርፅ በናስትሮ ስሩና አስገብታችሁ ወንበሩን ዝጉት፣ ካርቶኑ ከተጨማደደ ሳጥኑም አይገባም ማለት ነው፣ ይሄን ሳያደርግ አናጢ ጋ ሚሄድ ሰው ሁለቴ ይከፍላል።

አሁን በቁጥር ላሳያችሁ። ክፍተቱ ታች 20 ሴንቲ፣ ላይ 12 ሴንቲ ነው እንበል። ሳቡ ሲመታ ፊቱ ወደፊት ስለሚወጣ ወንበሩን እንዳይነካ ቢያንስ 2 ሴንቲ ተኩል ክፍት ይፈልጋል፣ 3 አድርጉት፣ ስለዚ ሳጥናችሁ ታች 17 ላይ 9 ይሆናል። ርዝመቱ 90 ከፍታው 34 ይሁን። ጣውላው 18 ሚሊ ከሆነ ከየጎኑ 1.8 ይበላባችኋል፣ ውስጡ 86.4 በ30.4 ይቀራል፣ ጥልቀቱ ደግሞ ታች 13.4 ላይ 5.4 ነው አማካዩ 9.4። ሶስቱን አባዙና ለ1000 አካፍሉ፣ 24 ሊትር ተኩል አካባቢ ይመጣል። ሊትሩ ጥሩ ነው፣ ችግሩ ጥልቀቱ ላይ ነው። መሃል ላይ ከፊት ጣውላው ጋር 11 ሴንቲ ብቻ ነው ያላችሁ፣ ማግኔቱ ጀርባ አየር ሚተነፍስበት 2 ሴንቲ ስትተዉለት 9 ይቀራል። መደበኛ 10 ኢንች ከ13 እስከ 15 ሴንቲ ጥልቀት ይፈልጋል፣ አይገባም፣ አለቀ። ስስ ተብሎ ሚሸጠው፣ ሻሎው ሚሉት አይነት ግን ብዙው 8 ሴንቲ አካባቢ ነው፣ ይገባል። ሱቅ ስትገቡ ስንት ኢንች ነው ከማለታችሁ በፊት መግጠሚያ ጥልቀቱ ስንት ነው በሉ፣ ወረቀቱ ላይ ተፅፎ ታገኙታላችሁ፣ ወረቀት ከሌለው ሜትር አውጥታችሁ ከጠርዙ ስር እስከ ማግኔቱ ጀርባ ራሳችሁ ለኩት።

ከፍታው ደግሞ ጠቦ 10 ኢንች ካልገባ ሁለት 8 ኢንች ጎን ለጎን አስቡ። የፊቱ ስፋት ሚሄደው በኢንቹ ስኩዌር ነው፣ 8 በ8 64፣ ሁለቱ 128፣ አንዱ 10 ኢንች 100 ነው። ስለዚ ሁለት 8 ከአንድ 10 ይበልጣል፣ ብዙ ሰው ትንሽ ናት ብሎ ይንቃታል እኔ ግን ለጠባብ ቦታ ከሁሉም ምወደው እሱን ነው።

ሳጥኑ ዝግ ይሁን። ቀዳዳ ያለው፣ ፖርት ያለው ሳጥን ድምፁ ይጮሃል ግን ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፣ ከወንበር ጀርባ ያ ቦታ የለም። ዝግ ሳጥን ቤዙ እየወፈረ ወደታች ሲወርድ ድምፁ ይቀንሳል፣ ጋቢና ደግሞ ትንሽና ዝግ ክፍል ስለሆነ ወፍራሙን ቤዝ በራሱ ያነሳዋል፣ ሁለቱ ይደጋገፋሉ፣ ለዛ ነው ሳሎን ውስጥ ደካማ ሚመስል ሳብ መኪና ውስጥ ደረት ሚመታው።

እንጨት ላይ የኛ ከተማ እድለኛ ነው፣ የጅማን በርጩማና ወንበር ሚሰሩ እጆች እያሉ ሌላ ከተማ ሳጥን ማዘዝ አያስፈልግም። ግን አናጢው የቤት እቃ አድርጎ እንዳይሰራው ንገሩት፣ አንድ ቀጭን ስንጥቅ ካለው ፉጨት ያወጣል፣ መጋጠሚያው ሁሉ በኮላ ተጣብቆ በቪቴ ይታሰር፣ ውስጡ በሲሊኮን ይደፈን፣ ሲሊኮኑ በደንብ ሳይደርቅ ሳቡን አትግጠሙ። ቺፕውድ እምቢ በሉ። ኤምዲኤፍ ለድምፅ አሪፍ ነው ግን ውሃ ጠላቱ ነው፣ እዚ ደግሞ ክረምቱ ረጅም ነው፣ ከሰቃ ወረዳ ጭቃ የረገጠ ቦቲ ተይዞ ይገባል፣ ምንጣፉ ስር ሳምንት ሙሉ እርጥብ ይሆናል። አንድ ሳጥን ስናወጣ ታችኛው ጠርዝ እንደ ተነከረ ዳቦ አብጦ በጣት ሲነካ ሚፈረፈር ነበር። ስለዚ ወይ ጥሩ ኮምፔርሳቶ አሰሩ ወይ ኤምዲኤፉን ሞኬት ከመልበሱ በፊት ዙሪያውን ዘይት ቀለም ቀቡት፣ ከስሩም 2 ሴንቲ የጎማ እግር ይግባለት።

ዋት ላይ ካርቶኑን አትመኑ። ትልቁ ቁጥር ለቅፅበት ነው፣ እናንተ ምትፈልጉት አርኤምኤስ ሚለውን ነው፣ ሳይቋረጥ ሚችለው ዋት ማለት ነው፣ 1200 ተብሎ አርኤምኤሱ 300 ሚሆን ሞልቷል፣ ለጋቢና ደግሞ 300 እውነተኛ ዋት ከበቂ በላይ ነው። አምፑ (ለሳቡ ጉልበት ሚሰጠው አምፕሊፋየር) ከሳቡ አርኤምኤስ ጋር ይቀራረብ፣ ኦሙም (ኮረንቲ ሚቋቋምበት ልክ) ይግጠም። ሁለት ኮይል (ውስጡ ያለ የሽቦ ጥቅል) ያለው 4 እና 4 ኦም ሳብ ፓራለል (ጎን ለጎን) ስታስሩት 2 ኦም ይሆናል በሲሪየስ (አንዱን ከአንዱ ቀጥላችሁ) 8፣ አምፑ 2 ኦም ሚችል ካልሆነ ፓራለል አስራችሁ ታቃጥሉታላችሁ። ያገለገለ ምትገዙ ከሆነ ሁለት ነገር አድርጉ፣ የሁለት እጅ ጣቶቻችሁን ፊቱ ላይ ዘርግታችሁ እኩል ቀስ ብላችሁ ግፉት፣ ውስጡ ካንኳኳ ወይ እንደ አሸዋ ከፋቀ ኮይሉ ሄዷል፣ ከዛ በቴስተር ለኩት፣ 4 ኦም ሚባል ደህና ኮይል 3 ከምናምን ያነባል፣ ምንም ካላነበበ ወይ ዜሮ ከሆነ ተዉት።

ነጠላ ጋቢና ላላችሁ ደግሞ ሳጥን ማሰራት ላይሳካ ይችላል፣ አምፑ ውስጡ ያለ ስስ ባለ 8 ኢንች አክቲቭ ሳብ ይሻላችኋል፣ ወንበር ስር ሁሉ ይገባል፣ መስታወት አያንቀጠቅጥም ግን ዘፈኑን ይሞላዋል።

አይሱዙ ጭነት ለምትነዱ ይሄን በደንብ አንብቡልኝ። መኪናችሁ ሁለት ባትሪ ተቀጣጥሎ 24 ቮልት ከሆነ፣ የቤት መኪና አምፕ 12 ቮልት ነው፣ ቀጥታ ከሰጣችሁት ያልቃል። አንዳንድ ሰራተኛ ከአንዱ ባትሪ ብቻ 12 እንውሰድ ይላል፣ እሺ እንዳትሉ፣ አንዱ እየደከመ ሌላው ከልክ በላይ እየተሞላ ሁለቱም ይበላሻሉ። ከ24 ወደ 12 ሚቀይር ኮንቨርተር ግዙ፣ አምፔሩም ይድረስ፣ 300 ዋት አምፕ ሙሉ ሲጮህ ወደ 27 አምፔር ይስባል።

ገመዱን ስትገዙ ጫፉን በምላጭ ፋቁት፣ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው፣ በሙሉ ቀይ ሚሆነውን ውሰዱ። ፊውዙ ከባትሪው በ45 ሴንቲ ውስጥ ይሁን፣ ገመዱ ብረት ቢበሳበት እሳት ሚያስቆመው እሱ ብቻ ነው። ባትሪ ገመዱ በአንድ ጎን፣ ከቴፑ ሚመጣው ሲግናል በሌላ ጎን ይሂድ፣ አንድ ላይ ከሄዱ ሞተር ሲነሳ ዚዝ ይላል። ሳጥኑን ደግሞ በብረት አንግል እሰሩት፣ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ኋላ የተቀመጠ ልጅ ራስ ላይ ነው ሚመጣው፣ ወለል ከመብሳታችሁ በፊት ግን ስር ገብታችሁ የፍሬንና የነዳጅ ቱቦ የት እንዳለ እዩ።

ተገጥሞ ሲያልቅ ሎው ፓሱን (ቀጫጭኑን ድምፅ ቆርጦ ቤዙን ብቻ ሚያሳልፈውን ማስተካከያ) 80 ኸርዝ ላይ አድርጉ፣ ወንበሩን ቆልፋችሁ ሹፌር ቦታ ተቀመጡና ምታውቁትን ዘፈን ክፈቱ፣ ከዛ ሳቡ ላይ ያሉትን ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ገመዶች አቀያይራችሁ ያንኑ ዘፈን ድገሙት፣ ቤዙ ሚወፍርበትን አቅጣጫ ይዛችሁ እሰሩት።