ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው? ርቀቱንና የበረራ ጊዜውን በራስዎ ለማስላት

እናቱን ወይም ልጁን አሜሪካ የሚሸኝ ሰው ትኬት ቢሮ ገብቶ ቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብሎ ነው። ይህን ፒያሳ ካፌ ቁጭ ብለው፣ ማኪያቶዎ ሳይቀዘቅዝ በስልክዎ ማስላት ይችላሉ።

መጀመሪያ ርቀቱን ይለኩ። ጉግል ማፕ ላይ ቦሌ ኤርፖርትን በጣትዎ ተጭነው ያቆዩ። ምልክቱ ሲመጣ የርቀት መለኪያውን ይንኩና ካርታውን ዋሽንግተን አጠገብ እስካለው ደለስ ኤርፖርት ይሳቡት። 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወጣል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካርታን በማስመሪያ መለካት ግን አይሆንም። ምድር ክብ ስለሆነች አጭሩ መንገድ ወደ ሰሜን ጎበጥ ብሎ በአውሮፓ በኩል ነው የሚያልፈው።

ቀጥሎ ርቀቱን ለ850 ያካፍሉና 1 ሰዓት ይጨምሩ። ትልልቅ ጄቶች ከፍታ ላይ በሰዓት ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይበራሉ፤ መነሳቱና ማረፉ ግን ጊዜ ይበላል። ዱባይ 2,500 ኪሎ ሜትር ናት፣ 4 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ለንደን 5,900 ስለሆነች 8 ሰዓት። ዋሽንግተን 14 ሰዓት ተኩል።

አሁን ነፋሱን ያስቡ። በከፍታው ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ። ወደ አሜሪካ ሲሄዱ ከፊት ይገፋል፣ ሲመለሱ ከኋላ ያግዛል። ከዋሽንግተን በቀጥታ የሚመጣው በረራ 13 ሰዓት ገደማ የሚፈጀው ለዚህ ነው።

«ሲመጣ በቀጥታ፣ ሲሄድ ለምን መንገድ ላይ ያርፋል?» ይላሉ ብዙዎች። ምክንያቱ ያለው እዚሁ ቦሌ ነው። ኤርፖርታችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ የሞተሩም የክንፉም ጉልበት ይቀንሳል። ያን ሁሉ መንገድ የሚያደርስ ነዳጅ ከሙሉ ተሳፋሪና ሻንጣ ጋር ይዞ መነሳት ይከብዳል። ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይሞላል። ደለስ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ስለሆነ ይህ ችግር የለበትም። ስሌትዎ ላይ የማረፊያውን ጊዜ ይደምሩ።

ትኬቱን ሲያነቡ ደግሞ የሁለቱንም ከተማ ሰዓት ይለዩ። የተጻፈው የየከተማው ሰዓት ነው። ለምሳሌ በክረምታቸው ሰኞ 22:30 ተነስቶ ማክሰኞ 08:00 ዋሽንግተን ይገባል ቢል፣ በትኬቱ ላይ የሚታየው ልዩነት 9 ሰዓት ተኩል ነው። ዋሽንግተን ያን ጊዜ ከእኛ 8 ሰዓት ወደኋላ ስለሆነች ጉዞው ከነማረፊያው 17 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ከመጋቢት መግቢያ ገደማ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ግን ልዩነቱ 7 ሰዓት ነው።

ወደ እኛ አቆጣጠር ለመመለስ 6 ይቀንሱ፤ ውጤቱ ከ12 ካለፈ ደግሞ 12 ይቀንሱ። 22:30 ሲቀነስ 16:30፣ እንደገና ሲቀነስ ከምሽቱ 4:30 ነው። ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ ያለብዎት ግን እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ትኬቱ ረቡዕ 00:30 ካለ፣ በእኛ አነጋገር ማክሰኞ ከሌሊቱ 6:30 ማለት ነው። ረቡዕ ማታ ሻንጣ ይዞ ቦሌ የሚደርስ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ ቆይቷል። ከበረራው 3 ሰዓት ቀድመው ለመድረስ፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 2:00 ገደማ ከፒያሳ ይነሱ፤ ዝናብ ከጣለ ደግሞ ከዚያም በፊት።