ከማዘርቦርዱ ጋር የማይስማማ ዕቃ ሲገጠም

አዲስ ፕሮሰሰር ወይም ራም ከገጠሙ በኋላ የኮምፒውተሩ ማራገቢያ እየዞረ ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ከቀረ፣ ዕቃው ተበላሽቷል ብለው ከመደምደምዎ በፊት ከማዘርቦርዱ (ሌሎቹ ዕቃዎች ሁሉ ከሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) ጋር መስማማቱን ያረጋግጡ። ይህ ሳይጣራ ደህናው ዕቃ «ተቃጥሏል» ተብሎ ሲጣል ማየት በእጅጉ ያሳዝናል።

በቅድሚያ ኤሌክትሪኩን ነቅለው የቀድሞውን ዕቃ ይመልሱ። ኮምፒውተሩ እንደ ድሮው ከተነሣ ማዘርቦርዱ ጤነኛ ነው። ቀጥሎ ብዙውን ጊዜ በቦርዱ ላይ በትልልቅ ፊደላት የታተመውን የሞዴል ስም ጽፈው ይያዙና በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ቦርዱ የሚቀበላቸውን ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ይፈልጉ። ከፕሮሰሰሩ ስም ጎን የሚያስፈልገው የባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሣው፣ በቦርዱ ላይ ያለው ፕሮግራም) የእትም ቁጥር ሰፍሯል፤ ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈውም ይህንኑ ነው።

ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ቢ450 ቦርድ እና በ2020 መጨረሻ የመጡት የኤኤምዲ ራይዘን 5000 ፕሮሰሰሮች ሁለቱም ኤኤም4 ሶኬት (የፕሮሰሰር መሰኪያ ዓይነት) ስለሆኑ ፕሮሰሰሩ ያለ ችግር ቦታው ላይ ይቀመጣል፤ ባዮሱ አሮጌ ከሆነ ግን ስለማያውቀው ስክሪኑ ላይ ምንም አይመጣም። መፍትሔው በአሮጌው ፕሮሰሰር ኮምፒውተሩን አስነሥቶ፣ ከአምራቹ የወረደውን ፋይል በፋት32 ፎርማት በተደረገ ፍላሽ ላይ አድርጎ ባዮሱን ማደስ ነው። በእድሳቱ መካከል መብራት ከጠፋ ቦርዱ ጨርሶ ላይነሣ ስለሚችል፣ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ ያለው መሣሪያ) ፈጽሞ አይሞክሩት።

የኢንቴል 1151 ሶኬት ግን ከዚህ ይለያል። ስምንተኛው ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ለስድስተኛውና ለሰባተኛው ትውልድ በተሠሩት የ100 እና የ200 ተከታታይ ቦርዶች ላይ፣ የሶኬቱ ቁጥር አንድ ቢሆንም፣ በአምራቹ ባዮስ አይሠራም፤ ስለዚህ ቦርዱን ወይም ፕሮሰሰሩን መቀየር ግድ ይላል።

ራምን በተመለከተ የዲዲአር3፣ የዲዲአር4 እና የዲዲአር5 ራሞች ከታች ያለው ቁርጥ ቦታው ስለሚለያይ፣ አልገባ ያለውን በጉልበት አይጫኑ። ገብቶ ካልተነሣ ሁሉንም ነቅለው አንዱን ብቻ ይሰኩ፤ አራት መሰኪያ ባላቸው አብዛኞቹ ቦርዶች ላይ ትክክለኛው ከፕሮሰሰሩ በኩል ሲቆጠር ሁለተኛው ነው።

ኤም.2 ዲስክ (በቀጥታ ቦርዱ ላይ የሚሰካ ቀጭን ዲስክ) ከጨመሩ በኋላ የቀድሞው ሃርድ ዲስክ ከጠፋ ደግሞ አይደንግጡ፤ በአንዳንድ ቦርዶች ላይ ኤም.2 ሲሰካ ከሳታ መሰኪያዎች (የሃርድ ዲስክ ኬብል ከሚሰካባቸው) አንዳንዶቹ ሥራ ያቆማሉ። ኬብሉን ወደ ሌላ የሳታ መሰኪያ ሲያዛውሩት ዲስኩ ተመልሶ ይታያል።